ኦሞ ላይ የቆመው ግድብ፣ ናይሮቢ የሚበራው አምፖልና የሻያችን ስኳር

ረመዳን በተቃረበ ቁጥር በየቤታችን ከሚነሱት ጥያቄዎች አንዱ የስኳር ጉዳይ ነው። ዋጋው ስንት ገባ? የሸማቾች ማኅበር አምጥቷል ወይ? ወረፋውስ ምን ይመስላል? ለኢፍጣር የሚቀርበው ሻይ፣ ጁስና ጣፋጭ ሁሉ ስኳር ይፈልጋልና መጠየቃችን ተገቢ ነው። ስኳሩ በየትኛው መሬት በቀለ? የየትኛውን ወንዝ ውሃ ጠጣ? ያንን ውሃ ከዚያ በፊት ማን ይጠቀምበት ነበር? እነዚህን ግን ብዙም አንጠይቅም።

በዚህ ጽሑፍ እነዚህን ጥያቄዎች ይዘን ወደ ደቡብ ኦሞ እንወርዳለን። ጂንካ ከአዲስ አበባ ስትታይ ጥግ ላይ ያለች ከተማ ትመስላለች። ብዙዎቻችን አካባቢውን የምናውቀው በቱሪስት ፎቶ ነው። ይሁን እንጂ ናይሮቢ፣ የህንድ ውቅያኖስ፣ የዓለም የስኳር ገበያና የዓረቢያ በረሃ ሁሉ ከዚህ ጥግ ጋር የሚገናኙበት መስመር አላቸው። መስመሩን ማየት የሚጠቅመን ለዕውቀት ብቻ አይደለም። በመስመሩ ላይ የሚጎዱ ሰዎች አሉ፤ እኛም ከተጠቃሚዎቹ መካከል ነን።

የሩቅ ለሩቅ ትስስር ምንድን ነው?

በመምህርነት ባሳለፍናቸው ዓመታት እንደታዘብነው፣ በትምህርት ቤት ወንዝ በጂኦግራፊ፣ ንግድ በኢኮኖሚክስ፣ የሕዝቦች አኗኗር ደግሞ በሌላ ክፍለ ጊዜ ይሰጣል። ተማሪው ሦስቱን ለየብቻ ያጠናቸዋል እንጂ አንድ ላይ አያያቸውም። በገሃዱ ዓለም ግን ሦስቱ አይነጣጠሉም።

በአሜሪካ የሚሺጋን ስቴት ዩኒቨርሲቲ ፕሮፌሰር የሆኑት ጂያንጉዎ ሊዩና ባልደረቦቻቸው በ2013 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት ለዚህ መያያዝ አንድ ማዕቀፍ አቅርበዋል። ስሙን «ቴሌካፕሊንግ» ብለውታል። «ቴሌ» ሩቅ ማለት ነው፤ «ካፕሊንግ» ደግሞ መያያዝ። በእኛ ቋንቋ «የሩቅ ለሩቅ ትስስር» ብንለው ያስኬዳል። ሐሳቡ ሰዎችና ተፈጥሮ አብረው የሚኖሩበት አንድ ስፍራ፣ በብዙ ሺህ ኪሎ ሜትር ርቆ ካለ ሌላ ስፍራ ጋር ተያይዞ አንዱ የሌላውን ዕድል ይወስናል የሚል ነው።

በማዕቀፉ መሠረት ትስስሩን ለመረዳት ሦስት ወገኖችን መለየት ያስፈልጋል። የመጀመሪያው ላኪው ነው። ውሃ፣ መብራት፣ እህል፣ ገንዘብ ወይም ሰው የሚነሳው ከእርሱ ዘንድ ነው። ሁለተኛው ተቀባዩ ነው። ሦስተኛው ደግሞ ሳይልክም ሳይላክለትም ፍንጣሪው የሚደርሰው ወገን ነው። ላኪና ተቀባይ ውል ይፈራረማሉ፤ ዋጋም ይከራከራሉ። ሦስተኛው ወገን በውሉ ላይ ስሙ የለም፤ ውጤቱ ግን ደጃፉ ድረስ ይመጣል። የዚህን ሦስተኛ ወገን ነገር አንባቢያን እስከ መጨረሻው ልብ እንዲሉልን እንሻለን።

አንድ ወንዝ፣ ብዙ ባለጉዳይ

የኦሞ ወንዝ ከመሀልና ከደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ደጋዎች ተነስቶ፣ ጊቤንና ጎጀብን የመሳሰሉ ገባሮችን አስከትሎ፣ 760 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ ኬንያ ድንበር ላይ ቱርካና ሐይቅ ይገባል። ቱርካና መውጫ የለውም። የሚገባው ውሃ በትነት ብቻ ነው የሚቀንሰው። ሐይቁ ከሚያገኘው የወንዝ ውሃ ከ80 በመቶ በላይ የሚሆነው የኦሞ ነው። ስለዚህ ጅማ፣ ወላይታና ዳውሮ ላይ የሚዘንበው ዝናብ ሰሜን ኬንያ ያለውን ዓሣ አጥማጅ ያበላዋል ማለት ነው። ይህ ትስስር ግድብም ውልም ሳይኖር የነበረ ነው።

በወንዙ ግርጌ ካሮ፣ ሙርሲ፣ ቦዲ፣ ኩዌጉ፣ ኛንጋቶምና ዳሰነች ይኖራሉ። ምድሩ ቆላ፣ ዝናቡም የማያስተማምን ነው። ኑሯቸው የቆመው በሦስት ምሰሶዎች ላይ ነበር፦ በከብት፣ በዝናብ በሚዘራ እርሻና ወንዙ ሞልቶ ሲሸሽ በሚዘራ እርሻ። ሦስተኛው እንዲህ ነው። ደጋው ክረምቱን ሲዘንብበት ኦሞ በነሐሴ ይሞላና ከዳርቻው ይወጣል። መስከረም አካባቢ ሲመለስ ለም ደለልና እርጥበት ጥሎ ይሄዳል። ሕዝቡ በዚያ ደለል ላይ ማሽላ፣ በቆሎና ባቄላ ይዘራል። ዝናብ ባይጥል እንኳ ከደለሉ እርጥበት ብቻ እህሉ ደርሶ ከወራት በኋላ ይታጨዳል። ከብቱ በድርቅ ባለቀበት ዓመት ቤተሰብ የሚተርፈው በዚህ ማሽላ ነበር። ዓሣውም የሚራባው የጎርፉን ወቅት ተከትሎ ነው። ደጋ ላይ ላለ ገበሬ ጎርፍ ጥፋት ሊሆን ይችላል፤ ለኦሞ ዳር ሰው ግን ጎርፍ ማለት የእርሻ ወቅት ነበር።

መብራቱ ወደ ናይሮቢ፣ ፍንጣሪው ወደ ኦሞራቴ

የግልገል ጊቤ ሦስት ግድብ ሥራ በ1998 ዓ.ም ተጀመረ። ግድቡ በወላይታና በዳውሮ መካከል የቆመ ሲሆን ቁመቱ 243 ሜትር፣ የማመንጨት አቅሙም 1,870 ሜጋ ዋት ነው። በ2007 ዓ.ም ውሃ መያዝ ጀመረ፤ በታኅሣሥ 2009 ዓ.ም ተመረቀ። በኅዳር 2015 ዓ.ም ደግሞ ከወላይታ ሶዶ ተነስቶ ናይሮቢ አቅራቢያ እስከምትገኘው ሱስዋ በተዘረጋው ከ1,000 ኪሎ ሜትር በላይ ርዝመት ባለው መስመር ኢትዮጵያ ለኬንያ ኤሌክትሪክ መሸጥ ጀመረች። ውሉ የ25 ዓመት ነው። የመጀመሪያዎቹ ሦስት ዓመታት ሽያጭ 200 ሜጋ ዋት ሆኖ ተቆርጧል።

አሁን ማዕቀፉን እናስቀምጥበት። ላኪዋ ኢትዮጵያ ናት፤ ዶላር ታገኛለች። ተቀባይዋ ኬንያ ናት፤ መብራት ታገኛለች። ግድቡና መስመሩ የተሠሩት ከሀገር ውስጥ በተገኘ ገንዘብ፣ ከቻይና በመጣ ብድርና በዓለም አቀፍ ባንኮች ድጋፍ ነውና እነርሱም በትስስሩ ውስጥ አሉ። ሦስተኛው ወገንስ? የታችኛው ኦሞ ነዋሪ ነው። ግድቡ ውሃውን በዓመቱ ወራት ሁሉ ለተርባይን በሚመች መጠን እየመጠነ ይለቃል። ለመብራት አምራቹ ይህ ትልቅ ጥቅም ነው። በነሐሴ ሞልቶ የሚወጣው ኦሞ ግን ቀረ። ጎርፉ ሲቀር ደለሉ ቀረ፤ ደለሉ ሲቀር የድርቅ ጊዜው ማሽላ ቀረ። ለዚህ መፍትሔ ይሆናል ተብሎ በፕሮጀክቱ ጥናት ውስጥ በዓመት አንድ ጊዜ ሰው ሠራሽ ጎርፍ እንዲለቀቅ ሐሳብ ቀርቦ ነበር። የቀድሞውን የሚተካ ጎርፍ ግን በየዓመቱ ለሕዝቡ አልደረሰም።

ናይሮቢ ውስጥ መብራት የሚያበራ ሰው የካሮን ማሽላ ሊያጠፋ አስቦ አያውቅም። አዲስ አበባ ላይ ውሉን የፈረመው ባለሥልጣንም ቢሆን ለአገሩ የውጭ ምንዛሪ ማግኘቱን ነው የሚያየው። ክፋት የሚያስብ አንድም ሰው ሳይኖር ጉዳት ሊደርስ ይችላል። የሩቅ ለሩቅ ትስስር ከባድ የሚሆነውም በዚህ ምክንያት ነው። እጁ ያለበት ብዙ ነው፤ ጉዳቱን በዓይኑ የሚያየው ግን ጥቂት ነው።

ስኳሩ

ወደ መነሻችን እንመለስ። በጥር 2003 ዓ.ም የአርብቶ አደሮች ቀን በጂንካ ተከብሮ ነበር። በዚያ መድረክ ላይ የወቅቱ ጠቅላይ ሚኒስትር መለስ ዜናዊ በአካባቢው ሰፊ የመስኖ ልማት እንደሚካሄድ ተናገሩ። የኦሞ ኩራዝ ስኳር ልማት ፕሮጀክትም ተከተለ። ከ100 ሺህ ሄክታር የሚበልጥ የሸንኮራ አገዳ እርሻና በርካታ ፋብሪካዎች ታቅደው ነበር። ይህ ሊታሰብ የቻለው ግድቡ የወንዙን ውሃ ዓመቱን ሙሉ ስለሚመጥን ነው። ፋብሪካዎች ተተክለው ስኳር ማምረት ጀምረዋል፤ የለማው መሬት ግን ከዕቅዱ ጥቂቱ ነው።

ፕሮጀክቱ መንገድና የሥራ ዕድል አምጥቷል። ከደጋው ብዙ ሠራተኛ ወደ ሳላማጎና አካባቢው ወርዷል። በሌላ በኩል የግጦሽ መሬት ጠቧል፤ አርብቶ አደሩ በመንደር እንዲሰባሰብ ተደርጓል። ሂዩማን ራይትስ ዎች በ2012 እ.ኤ.አ. ባወጣው ሪፖርት ነዋሪዎች ያለ ፈቃዳቸው ከመሬታቸው ተነስተዋል ሲል ከስሷል፤ መንግሥት ደግሞ ክሱን አልተቀበለም።

ይህ ሁሉ ሆኖ አገራችን ዛሬም ስኳር ከውጭ ታስገባለች። ስለዚህ የሻያችን ስኳር ሌላም ረጅም ገመድ አለው። ህንድ የዝናብ እጥረት ሲገጥማት የሸንኮራ ምርቷ ይቀንሳል፤ ለራሷ ሕዝብ ስትል ወደ ውጭ የምትልከውን ትገድባለች። በ2023 እ.ኤ.አ. እንዲህ በመሆኑ የዓለም የስኳር ዋጋ ከአስር ዓመት በላይ ወዳልታየ ከፍታ ወጥቶ ነበር። የህንድ ሰማይ ሲደርቅ ወረፋው እኛ ሰፈር ይረዝማል። በአገር ውስጥ እናምርት ስንል ደግሞ ጥያቄው ወደ ኦሞ ውሃ ይመለሳል። ከትስስሩ መውጫ በር የለም። ያለን ምርጫ የትኛውን ትስስር፣ በማን ኪሳራ የሚለው ነው።

ከሩቅ ወደ ኦሞ የሚመጣውስ?

እስካሁን ከኦሞ የሚወጣውን አየን። ወደ ኦሞ የሚመጣውም ብዙ ነው።

የመጀመሪያው ከህንድ ውቅያኖስ የሚመጣው ነው። በምሥራቅ አፍሪካ ዳርቻ ያለው የውቅያኖሱ ክፍል፣ ኢንዶኔዥያ አጠገብ ካለው ክፍል ይልቅ ሲሞቅ ወደ ምሥራቅ አፍሪካ የሚነፍሰው አየር ብዙ እርጥበት ይሸከማል። በ2019 እ.ኤ.አ. መጨረሻ ይህ ክስተት እጅግ በረታና በአካባቢው ከባድ ዝናብ ወረደ። የቱርካና ሐይቅም በቀጣዮቹ ዓመታት ከፍ እያለ መጣ። ሐይቁ ሲያብጥ ወንዙም ሲሞላ የዳሰነች መንደሮችና የግጦሽ መሬቶች ውሃ ዋጣቸው፤ በአስር ሺህዎች የሚቆጠሩ ሰዎችም ተፈናቀሉ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር በሐቅ መናገር ይገባል። ግድቡ ከመሠራቱ በፊትና በሥራው ወቅት በርካታ ባለሙያዎች ሐይቁ በመስኖው ምክንያት እጅግ ይጎድላል ብለው ነበር። ግድቡ ውሃ በያዘባቸው የመጀመሪያ ዓመታት በእርግጥም ከአንድ ሜትር በላይ ጎደለ። ዩኔስኮም በ2010 ዓ.ም የቱርካና ሐይቅ ብሔራዊ ፓርኮችን አደጋ ላይ ባሉ ቅርሶች መዝገብ ውስጥ አስገባቸው። ከዚያ በኋላ ግን ሐይቁ መጉደሉን ትቶ ሞላ። የስኳር እርሻው የታቀደውን ያህል አልሰፋም፤ ከውቅያኖሱ የመጣው ዝናብ ደግሞ በዛ። ከዚህ የምንረዳው የባለሙያ ሥጋት ከንቱ ነው የሚለውን አይደለም። በአንድ ስፍራ ላይ ብዙ የሩቅ ኃይሎች በአንድ ጊዜ ሲያርፉ አንዱን ብቻ አይቶ መደምደም እንደማይቻል ነው። የዳሰነች ሰው በጥቂት ዓመታት ውስጥ መጀመሪያ የሚጠብቀው ጎርፍ ቀረበት፤ ቀጥሎ ያልጠበቀው ጎርፍ መጣበት።

ሁለተኛው ከዓረቢያ በረሃ የመጣው ነው። በ2018 እ.ኤ.አ. ሁለት አውሎ ነፋሶች ሩብ አል-ኻሊ ተብሎ በሚጠራው ሰፊ በረሃ ላይ ዝናብ ጣሉ። ውሃ በማያውቀው አሸዋ ላይ ለምለም በቀለ፤ የበረሃ አንበጣም ማንም ሳያየው ተራባ። ከዚያ በየመንና በአፍሪካ ቀንድ አድርጎ በ2012 ዓ.ም የደቡብ ኢትዮጵያንና የኬንያን አርብቶ አደር አካባቢዎች ወረረ። የየመን ጦርነት የቁጥጥር ሥራውን ማሰናከሉ ነገሩን አባብሶታል። ጦርነት የአንበጣ መንገድ ይከፍታል ብሎ ማን ያስባል?

ሦስተኛው የቱሪዝም ነገር ነው። ጂንካ፣ ቱርሚና ዲመካ ላይ የአስጎብኚው፣ የሆቴል ሠራተኛው፣ የሾፌሩና የእደ ጥበብ ሻጩ ገቢ ከአውሮፓና ከሌሎች አህጉራት በሚመጣ እንግዳ ላይ የተንጠለጠለ ነው። መጋቢት 2012 ዓ.ም ኮሮና አገራችን ሲገባ እንግዳው ተቋረጠ። በሽታው ቱርሚ ላይ አንድ ሰው ሳይነካ በፊት ገቢው ተነካ።

ሁለቱንም ሚዛን መያዝ

አንዳንድ አንባቢ «ታዲያ ግድብ አይሠራ፣ ስኳር አይመረት ልትሉ ነው?» ሊለን ይችላል። አይደለም። በነሐሴ 1998 ዓ.ም ኦሞ ከወትሮው በላይ ሞልቶ በዳሰነች ከ360 በላይ ሰዎችን ገድሏል። ውሃን መመጠን ሕይወት ሊያድን እንደሚችል ይህ ያሳያል። መብራት የሌለው ጤና ጣቢያ፣ ማታ ማጥናት የማይችል ተማሪ፣ በጭስ ዓይኗ የሚጠፋ እናት ያሉባት አገር ኃይል ማመንጨቷን መቃወም ፍትሕ አይሆንም። ችግሩ ያለው ስሌቱ ላይ ነው። ላኪው ያገኘውና ተቀባዩ ያገኘው ተደምሮ ሲነገር፣ ሦስተኛው ወገን ያጣው ሳይቀነስ ይቀራል። በታችኛው ኦሞ ያሉ ብዙ መንደሮች ዛሬም በጨለማ ውስጥ መሆናቸው ሲታሰብ፣ ኪሳራው የደረሳቸው ሰዎች ትርፉ እንዳልደረሳቸው ግልጽ ነው።

ይህ ጥያቄ ለእኛ አዲስ አይደለም። ፊቅህ የተማረ ሁሉ የመስኖ ውሃ ምዕራፍን ያውቀዋል። በመዲና ዙበይር ኢብኑል ዐዋም (ረ.ዐ) ከአንድ የአንሷር ሰው ጋር በመስኖ ቦይ ውሃ ተካሰው ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ዘንድ ቀርበው ነበር። የዙበይር ማሳ ከላይ፣ የሰውዬው ከታች ነበር። ከፍርዱ ዑለማዎች የቀሰሙት ነጥብ ይህ ነው፦ የላይኛው በቅድሚያ የማጠጣት መብት አለው፤ ሆኖም የሚበቃውን ከወሰደ በኋላ ውሃውን ለታችኛው ጎረቤቱ መልቀቅ አለበት። የላይኛው መብት የታችኛውን መብት አይሰርዝም። ያኔ ሁለቱ ባለጉዳዮች ይተያያሉ፤ ፊት ለፊትም ይነጋገራሉ። ዛሬ የላይኛውና የታችኛው ማሳ መካከል ብዙ መቶ ኪሎ ሜትር አለ። ርቀቱ ጨመረ እንጂ ጉርብትናው አልተፋቀም።

ምን ይደረግ?

በመጀመሪያ ከመንግሥትና ከተቋማት የሚጠበቀውን እናስቀምጥ። ግድቡ ውሃ የሚለቅበት ጊዜና መጠን ለታችኛው ኦሞ ወረዳዎች በቋንቋቸው አስቀድሞ ሊነገር ይገባል። ይህ ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም፤ ሰውንም ከብትንም ግን ያድናል። በዓመት አንድ ጊዜ ለእርሻ የሚሆን ጎርፍ የመልቀቁ ሐሳብ እንደገና በቁም ነገር ሊታይ ይገባል። ኤሌክትሪክ ወደ ውጭ ተሽጦ ከሚገኘው ገቢ ድርሻ ተቆርጦ ለታችኛው ኦሞ ውሃ፣ ጤናና ትምህርት ቢውል የታችኛው ጎረቤት ሐቅ በጥቂቱም ቢሆን ይመለሳል። የቆይሻ ግድብም በዚያው ወንዝ ላይ እየተሠራ በመሆኑ ይህን ለማሰብ ጊዜው አልረፈደም። ጂንካ ዛሬ የራሷ ዩኒቨርሲቲ አላት። የኦሞን ነገር ከሩቅ አገር ተመራማሪ ከመጠበቅ እዚያው መለካትና መመዝገብ የሚቻልበት ዕድል ተከፍቷል።

ቀጥሎ የጂንካ ሰው ራሱ ከላይ ያለ ጎረቤት መሆኑን እናስታውስ። ከከተማዋ በላይ ካሉት የአሪ ተራሮች የሚወርዱ ጅረቶች ወደ ማጎ ቆላ ይፈስሳሉ። ዳገቱ ላይ የሚቆረጠው ዛፍ፣ ቅዳሜ ገበያ ላይ የሚጣለው ፌስታል፣ ወንዝ ውስጥ የሚታጠበው መኪና ዘይት ሁሉ ታች ያለ ሰውና ከብት ዘንድ ይደርሳል። ስለ ግድቡ የምንጠይቀውን ጥያቄ ለራሳችን ደጃፍም መጠየቅ አለብን። አፈር በደጋው ሲታጠብ ግድቡንም በደለል ይሞላዋል፤ ስለዚህ በጅማና በወላይታ ዳገት ላይ የሚተከል ችግኝ ለኬንያ መብራትም ዕድሜ ነው።

በመጨረሻ እያንዳንዳችን ልንይዘው የምንችለው አንድ ልማድ አለ። ስለ አንድ ልማት፣ ንግድ ወይም ዕርዳታ ስንሰማ ሦስት ጥያቄዎችን በተርታ እንጠይቅ፦ ላኪው ማነው? ተቀባዩ ማነው? ስሙ ያልተጠራው ሦስተኛውስ ማነው? ለተፈናቀሉ ወገኖች ሶደቃ ስንሰበስብም እንዲሁ። ዱቄትና ብርድ ልብስ የዛሬን ርሃብና ብርድ ያስታግሳል፤ ጎርፉ ለምን እንደመጣ፣ ማሽላው ለምን እንደቀረ መጠየቅ ግን የነገን ይከላከላል። ስኳር ከረጢት ሙሉ ገዝቶ ማከማቸት፣ የተረፈውን ጣፋጭ ለቆሻሻ ማውጣትም ከዚሁ ሒሳብ ውጭ አይደለም። ኢስራፍ ያልነው ነገር ከወጥ ቤታችን አልፎ ወንዝ ዳር የሚደርስ መሆኑን አይተናል።

የኦሞ ዳር ሰው ማሽላውን የሚዘራበትን ደለል ያመጣለት የደጋው ዝናብ ነበር፤ ያንን ዝናብ ያዘነበው የሩቅ ባሕር ነው። አሏህ ምድርን ሲያበጅ በሚዛን አበጃት፤ ሚዛኑን የመጠበቅ አማና ደግሞ የሰው ልጅ ተሸክሞታል። በቅርብ ያለው ጎረቤት ሐቅ እንዳለው ከልጅነታችን ተምረናል። ዘመናችን የጨመረብን ነገር ቢኖር ጎረቤቶቻችን በቁጥር መብዛታቸውና መራቃቸው ነው።

ወሏሁ አዕለም።